በጭቃማ ቁልቁለት ላይ የሚንሸራተት ፒካፕን በተመለከተ የቀረበ የእርዳታ ጥያቄ

የተከበራችሁ የሙያው ባለቤቶች፣ ከጅማ ወደ አጋሮ ከሚወስደው አስፋልት ተገንጥሎ ወደ ቡና ማሳዎች በሚገባ የገጠር መንገድ ላይ፣ የሚገፋው የኋላ ጎማ ብቻ የሆነ ፒካፕ አሽከረክራለሁ። በበጋ የማያስቸግረው ቀይ አፈር በክረምት እንደ ሳሙና ያሟልጫል፤ ከዶፉም ይልቅ ላዩን ብቻ የሚያርሰው ካፊያ ይብሳል።

ፍሬን በድንገት መርገጥ ጎማውን አስሮ መሪው እንዳይታዘዝ ስለሚያደርግ፣ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ በሞተሩ ኃይል እየያዝኩ እወርዳለሁ። ሆኖም ጭነት አራግፌ ባዶውን ስመለስ የኋላው ክፍል ወደ ቦዩ መሸሽ ይጀምራል፤ መሪውን ወደሸሸበት አቅጣጫ ቀስ ብዬ ሳዞር ለጊዜው ይስተካከልና ወዲያው በሌላው ጎን ይደግመዋል። አንደኛ ማርሽ ሳስገባ ደግሞ ሞተሩ ራሱ የኋላ ጎማዎቹን ከልክ በላይ ስለሚይዛቸው ከመኪናው ፍጥነት ባነሰ እየዞሩ ይንሸራተታሉ። የጎማዎቹ ጥርስ ገና ጥልቅ ነው፤ ነገር ግን ጭቃው በጥርሶቹ መካከል ገብቶ ስለሚጠቀጠቅ ልሙጥ ሆነው ይቀራሉ።

የአካባቢው አሽከርካሪዎች በኋላ ጎማዎቹ ትክክል አሸዋ የሞላ ጆንያ እንድጭን ይመክሩኛል። ምክሩ ለዳገት እንደሚረዳ አልጠራጠርም፤ በቁልቁለት ግን ክብደቱ መኪናውን ይበልጥ አይገፋውም ወይ? የጎማውን ንፋስ መቀነስስ፣ አስፋልት ላይ ስወጣ መልሼ የምሞላበት መንፊያ በአቅራቢያ በሌለበት ሁኔታ፣ ያዋጣል? ወይስ የጎማ ሰንሰለት መግዛት ይሻለኛል? በተመሳሳይ መኪናና አፈር ላይ የሠራችሁ ብትመልሱልኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።