ከጂሜይል ይገባል፣ ከድርጅት አድራሻ አይገባም፤ ሰርቨሩ ከፋየርዎል ጀርባ ነው

ማራኪ_ቴክ (ጎንደር)

ሰላም ለሁላችሁ። ፒያሳ አካባቢ ባለች ትንሽ አስጎብኚ ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተሩንና ኔትወርኩን የምይዘው እኔ ነኝ። የኢሜይል ሰርቨራችን የራሳችን ነው፤ እዚሁ ቢሮ ውስጥ ተቀምጧል። ኡቡንቱ ላይ ፖስትፊክስ (ኢሜይል የሚቀበልና የሚልክ)፣ ዶቭኮት (ሰው ኢሜይሉን የሚከፍትበት)፣ የኤስፒኤፍ ማጣሪያ (ላኪው በዚያ ስም መላክ ይፈቀድለት እንደሆነ የሚያጣራ) እና ፌይልቱባን (ደጋግሞ የሚያጠፋን አይፒ የሚያግድ) ጭነንበታል። ከፊቱ ማይክሮቲክ ራውተር አለ። ፋየርዎሉም ናቱም (የውስጥና የውጭ አይፒ የሚለዋውጠው) እሱ ላይ ነው። ራውተሩን ያዋቀረው ሌላ ባለሙያ ነበር፤ አሁን ከተማ ውስጥ የለም።

መላክ ላይ ምንም ችግር የለም። ጉዱ ያለው መቀበል ላይ ነው። ከጂሜይል የሚላክልን ይደርሳል፤ አንዳንዴ ግን በጣም ይዘገያል። ከውጭ አገር አስጎብኚ ድርጅቶች የሚላከው አብዛኛው ጭራሽ አይገባም። አንድ ጀርመን ያለ ደንበኛችን ደውሎ «መልእክቴ ተመለሰብኝ» ባይለን ኖሮ እስካሁን አናውቅም ነበር።

ጥምቀት ደርሷል። ከወዲሁ አልጋ ያልተያዘለት እንግዳ ለጥር 10 ማታ ጎንደር ላይ ማደሪያ ማግኘቱ ያጠራጥራል። የቢሮው ባለቤት ጋሼ በየጠዋቱ «ዛሬስ መጣ?» ይሉኛል። በጣም ጨንቆኛል።

ያየኋቸውን ልንገራችሁ። ኤምኤክስ ሪከርዱ (ኢሜይላችንን የሚቀበለውን ሰርቨር የሚጠቁመው) ትክክለኛውን ስም ይዟል፤ ስሙም ወደ ቋሚው ፐብሊክ አይፒያችን ያመራል። ውጭ አገር ያለ ጓደኛዬ ከራሱ ሰርቨር ላይ ፖርት 25ን (ኢሜይል የሚገባበትን በር) ሞክሮልኝ 220 የሚለውን ሰላምታ አይቷል። ስለዚህ በሩ ክፍት ነው። ሎጉ ላይ ግን እንዲህ የሚል ይደጋገማል፦

ኮኔክት ፍሮም አንኖውን 192.168.88.1
ሪጀክት፦ 550 5.7.23፣ ኤስፒኤፍ ፌይል፣ ኖት ኦቶራይዝድ

የተበላሸው የላኪዎቹ ኤስፒኤፍ ነው እንዳልል፣ ሁሉም በአንዴ እንዴት ይበላሻል? የሰርቨሩ የውስጥ አይፒ 192.168.88.10 ነው። የገባው ሰው ቢረዳኝ።

ሀዋሳ_ኔት

ሰላም ወንድሜ። ፖርት 25 ከውጭ ከተከፈተ የኢንተርኔት አቅራቢው አልዘጋብህም ማለት ነው፤ እሱን እርሳው። እኔ የማውቀው አጭር መንገድ አለ። ፖስትፊክስ ላይ ማይኔትወርክስ የሚለው መስመር ውስጥ 192.168.88.0/24ን ጨምርና ሪሎድ አድርግ። ያኔ ኤስፒኤፉ ሳይጠየቅ ያልፋል። ሁሉም ኢሜይል ይገባልሃል።

የቀድሞ_ሲስአድሚን (ባሕር ዳር)

ልጄ፣ እባክህ ያንን እንዳታደርግ! እውነት ነው ኢሜይሉ ይገባል። ግን በነጋታው የዓለም አጭበርባሪ ሁሉ በአንተ ሰርቨር መላክ ይጀምራል። ለምን እንደሆነ ረጋ ብዬ ላስረዳህ፤ የሁሉም ችግርህ ሥር አንድ ስለሆነ።

ያመጣኸውን የመጀመሪያ መስመር ተመልከተው። 192.168.88.1 ማን ነው? የራስህ ራውተር ነው። ጀርመን ያለው ደንበኛ ከራውተርህ ውስጥ ሆኖ አልጻፈልህም። የእሱ ሰርቨር ፐብሊክ አይፒ ሎግህ ላይ መታየት ነበረበት። አልታየም፤ ምክንያቱም ራውተሩ ግንኙነቱን ወደ ውስጥ ሲያስገባ የላኪውን አድራሻ አንስቶ የራሱን ይተካበታል። በር ላይ ያለ ዘበኛ የሚገባውን እንግዳ ሁሉ የራሱን ካፖርት እያለበሰ ቢያስገባ፣ ውስጥ ያለው ሰው ማን እንደመጣ አያውቅም። አንተም ጋ የሆነው ይኸው ነው።

አሁን ኤስፒኤፍን አስብ። አንድ ድርጅት በዲኤንኤሱ (ስምን ከአይፒ ጋር በሚያገናኘው መዝገብ) ላይ «በእኔ ስም መላክ የሚችሉት እነዚህ አይፒዎች ናቸው» ብሎ ያስቀምጣል። ማጣሪያህ የመጣውን አይፒ ከዚያ ዝርዝር ጋር ያስተያያል። 192.168.88.1 የማንም ዝርዝር ውስጥ የለም፤ ሊኖርም አይችልም። ስለዚህ ሁሉም ይወድቃል። ከጂሜይል የሚመጣውም ወድቋል።

ታዲያ የጂሜይሉ ለምን ገባ? የጂሜይል ሪከርድ የሚያልቀው በ«~» ምልክትና ኦል በሚለው ቃል ነው። ይህ ለስላሳ ውድቀት ነው፤ ተጠራጠር እንጂ አትመልስ ማለት ነው። ብዙ ድርጅቶች ግን መጨረሻው ላይ «-» ያደርጋሉ። ያ ቁርጥ ያለ እምቢታ ነው። ኡቡንቱ ላይ የሚጫነው የኤስፒኤፍ ማጣሪያ ካልነካካኸው በስተቀር የሚመልሰው ይህን ሁለተኛውን ብቻ ነው። ለዚህ ነው ችግሩ ድርጅት እየመረጠ የሚመስልህ።

የጂሜይሉ መዘግየት ደግሞ ከፌይልቱባን ይመስለኛል። የፖስትፊክሱን ጄል (የእገዳ ሕግ) አስነስተህ ከሆነ ስታተሱን እየው፤ 192.168.88.1 ታግዶ ታገኘዋለህ ብዬ እገምታለሁ። ካልለወጥከው በ10 ደቂቃ ውስጥ 5 ጊዜ ያጠፋን አይፒ ለ10 ደቂቃ ያግዳል። የይለፍ ቃል የሚገምቱ ሮቦቶች ቀንም ሌሊትም ያንኳኳሉ። አንተ ጋ ሮቦቱም ጂሜይሉም አንድ አይፒ ነው የሚመስሉት። ሮቦቱ ሲታገድ ዓለም በሙሉ አብሮ ይታገዳል። ጂሜይል ቆይቶ ደግሞ ስለሚሞክር መልእክቱ ዘግይቶ ይገባል።

አሁን ወደ ማይኔትወርክስ ልመለስ። እዚያ የተጻፈ አይፒ የቤት ልጅ ነው፤ ያለ ይለፍ ቃል ወደፈለገው ሰው መላክ ይችላል። ከውጭ የሚመጣው ሁሉ 192.168.88.1 በሚመስልበት ቤት ያንን መስመር መጨመር ሰርቨሩን ኦፕን ሪሌይ (ማንም እንዳሻው የሚልክበት) ያደርገዋል። ከዚያ አይፒያችሁ ጥቁር መዝገብ ውስጥ ይገባል። ዛሬ ደህና የሆነው መላክም አብሮ ይሞታል። ከዚያ መዝገብ መውጣት ስንት ልመና እንደሚጠይቅ ያየሁት ነገር ስለሆነ ነው አጥብቄ የምናገረው።

መድኃኒቱ ራውተሩ ላይ ነው። አይፒ፣ ፋየርዎል፣ ናት ብለህ ግባ። ኤስአርሲናት ላይ ያለውን የማስከሬድ ሕግ (የላኪውን አድራሻ በራውተሩ የሚተካውን) ክፈት። አውት ኢንተርፌስ የሚለው ቦታ ባዶ ይመስለኛል። ባዶ ከሆነ ሕጉ ወደ ኢንተርኔት የሚወጣውንም ወደ ሰርቨሩ የሚገባውንም ሳይለይ ይለውጣል። እዚያ ላይ ወደ ኢንተርኔት የሚወጣውን ኢንተርፌስ ምረጥ። መስመርህ ፒፒፒኦኢ (ራውተሩ በተጠቃሚ ስምና በይለፍ ቃል የሚገናኝበት) ከሆነ የምትመርጠው ፒፒፒኦኢውን እንጂ ገመዱ የተሰካበትን ፖርት አይደለም። ቀድሞ የተከፈቱ ግንኙነቶች እስኪዘጉ ድረስ በአሮጌው ሕግ ነው የሚቀጥሉት። ስለዚህ ከኮኔክሽንስ ዝርዝር ላይ የፖርት 25ቶቹን አጥፋና ሎጉን ተመልከት።

ሀዋሳ_ኔት

አመሰግናለሁ ጋሼ። እኔ ጋ ያለው ሰርቨር ራሱ ፐብሊክ አይፒ ይዞ የተቀመጠ ስለሆነ ይህ ነገር አጋጥሞኝ አያውቅም። ማራኪ_ቴክ፣ የጋሼን ስማ።

ማራኪ_ቴክ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ! አውት ኢንተርፌሱ እንዳሉት ባዶ ነበር። ፒፒፒኦኢውን መረጥኩለት። ሎጉ ወዲያው ተለወጠ፤ ከየአገሩ የተለያየ አይፒ መታየት ጀመረ። የጀርመኑን ደንበኛ እንደገና ላክልን አልነው፤ ከነአባሪው ገባ። ፌይልቱባን ላይም የራውተሩ አይፒ ታግዶ ነበር፤ ፈታሁት።

አሁን ግን ሌላ ነገር መጣ። ቢሮ ውስጥ ዋይፋይ ላይ ያሉ ስልኮችና ላፕቶፖች ኢሜይል መክፈት አቃታቸው። በሞባይል ዳታ ሲሆን ይሠራል። ዋይፋይ ላይ ሲመለሱ እምቢ ይላል። ሕጉን ወደ ነበረበት ልመልሰው?

አዘዞ_ልጅ

አትመልሰው ወንድሜ! እዚሁ ጎንደር የሰው ቢሮ ውስጥ ይህንኑ አይቻለሁ። መጀመሪያ አውት ኢንተርፌሱ ባዶ የተተወው ለዚሁ ይመስለኛል፤ ስልኮቹ ዋይፋይ ላይም እንዲሠሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ላፕቶፑ የሰርቨሩን ስም ሲጠይቅ ፐብሊክ አይፒውን ያገኛል፤ ወደዚያ ይልካል። ራውተሩ ወደ 192.168.88.10 ያዞርለታል። ሰርቨሩ ግን ላፕቶፑ እዚያው አጠገቡ ስለሆነ በራውተሩ በኩል ሳያልፍ በቀጥታ ይመልስለታል። ላፕቶፑ መልሱን የሚጠብቀው ከፐብሊኩ ነው፤ ከ192.168.88.10 ሲመጣበት አላውቅህም ብሎ ይጥለዋል።

የምወደው መፍትሔ ዲኤንኤስ ነው። ማይክሮቲኩ ላይ አይፒ፣ ዲኤንኤስ፣ ስታቲክ ብለህ ግባ። የሰርቨሩን ስም 192.168.88.10 ብለህ መዝግብ። ቢሮ ውስጥ ያለ ሰው ያንን ስም ሲጠይቅ የውስጡን ያገኛል። ስሙ ስላልተለወጠ ሰርተፊኬቱም አይጮህም። መሣሪያዎቹ ዲኤንኤስ የሚጠይቁት ራውተሩን መሆኑን ግን አረጋግጥ። አንዳንድ አንድሮይድ ስልክ ላይ ፕራይቬት ዲኤንኤስ የሚባለው ይበራል፤ ያ ከበራ ራውተሩን አልፎ ሌላ ቦታ ይጠይቃል።

እምቢ ካለህ ሁለተኛ የማስከሬድ ሕግ ጨምር። ምንጩ 192.168.88.0/24፣ መድረሻው 192.168.88.10 ብቻ ይሁን። ከውጭ የሚመጣውን አይነካም።

የቀድሞ_ሲስአድሚን

አዘዞ_ልጅ በትክክል ተናግሯል። በዲኤንኤሱ ጀምር። ደግሞ ለጥንቃቄ ያንን ውጭ ያለ ጓደኛህን በአንተ ሰርቨር በኩል ወደ ሌላ ሰው አድራሻ፣ ያለ ይለፍ ቃል፣ ለመላክ እንዲሞክር ጠይቀው። ሪሌይ አክሰስ ዲናይድ ካለው ደህና ነህ።

ማራኪ_ቴክ

በዲኤንኤሱ ሠራ። አንድ ስልክ ብቻ አዘዞ_ልጅ ያልከው ፕራይቬት ዲኤንኤስ ነበረበት፤ አጠፋሁለት። ጓደኛዬም ሞክሮ ዲናይድ ተብሏል።

የመጨረሻ ጥያቄ አለኝ ጋሼ። እስካሁን የተመለሱት ኢሜይሎች ራሳቸው ተመልሰው ይመጣሉ? መብራት ጠፍቶ ሰርቨሩ ሲዘጋ የተላከው በኋላ ሲገባ አይቻለሁ።

የቀድሞ_ሲስአድሚን

አይመጡም ልጄ። መብራት ሲጠፋ ላኪው ሰርቨር መልስ ስላላገኘ ወረፋ ላይ አቆይቶ ደጋግሞ ይሞክራል፤ ደንቡ ቢያንስ 4 ወይም 5 ቀን ታገሡ ይላል። በ4 የሚጀምር መልስም እንደዚያው ነው። በ5 የሚጀምረው ግን የመጨረሻ ነው። 550 ያልከው ሰርቨር ለባለቤቱ መልእክትህ አልደረሰም ብሎ ነግሮ ዘግቶታል።

የጠየቀህን ሰው ማንነት ግን አላጣኸውም። ሪጀክት በሚለው መስመር መጨረሻ ላይ ፍሮምና ቱ አሉ፤ የላኪው አድራሻ እዚያ ነው። ኡቡንቱ የኢሜይሉን ሎግ በየሳምንቱ እየቀየረ 4 አሮጌ ብቻ ነው የሚያስቀምጥ፤ ከዚያ ይሰርዛል። ዛሬውኑ ገልብጠህ አስቀምጥ። ከታመቁት ፋይሎች ውስጥ ለመፈለግ ዚግሬፕን ተጠቀም። 5.7.23 ብለህ ፈልግ። መካከሉ ላይ እውነተኛ አጭበርባሪም ይኖራል፤ የድርጅቶቹን ስም አይቶ መለየቱን ለባለቤቱ ተውላቸው።

ማራኪ_ቴክ

ገልብጬ አወጣሁት። ዝርዝሩ ከጠበቅኩት ይረዝማል። የቢሮው ባለቤት ከጎኔ ተቀምጠው የሚያውቋቸውን እየለዩ ነው፤ ለጥምቀት ሰው ከሚልኩት ጀምረን እየጻፍንላቸው ነው። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።