ጨው ድንጋይ ነው ወይስ ማዕድን?

ፊደል ወዳድ፦ ሰላም ለቤቱ። «ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይወረውሩሃል» እንላለን። ትርጉሙን አላጣሁትም፤ ለራስህ ብለህ ሥራህን አሳምር፣ አለዚያ የሚፈልግህ የለም ነው። ግን ጨው ድሮስ ድንጋይ አይደለም እንዴ? «ድንጋይ»፣ «አለት» እና «ማዕድን» በምን ይለያያሉ?

ጠጠር ለቃሚ፦ የተማርኩት ጂኦሎጂ ስለሆነ ይቺን ለኔ ተዉልኝ።

በአፋችን ማዕድን የምንለው ተቆፍሮ የሚወጣና የሚጠቅም ነገርን ነው፤ ነዳጅ ሳይቀር። ጂኦሎጂ ግን ጥቅሙን አይጠይቅም፣ አሠራሩን ነው የሚያየው። በተፈጥሮ የተገኘ፣ ጠጣር፣ የታወቀ ኬሚካላዊ ቀመር ያለው፣ አተሞቹ በሥርዓት የተደረደሩ መሆን አለበት። ጨው ይህን ሁሉ ያሟላል። ሶዲየምና ክሎሪን፣ አንድ ለአንድ፣ ተራ በተራ። የገበታ ጨው በአጉሊ መነጽር እዩት፤ ጥቃቅን ኩብ ነው። ትልቁን ብትሰብሩትም ቀጥ ባለ መስመር ይሰነጠቅና ስባሪው መልሶ አራት ማዕዘን ይሆናል። የውስጡ አደራደር ነው ውጭ የወጣው።

አፈጣጠሩም ቀላል ነው። ጨዋማ ውሃ ሲተን ጨዉ መሄጃ ያጣና ይጠጥራል። ሌሎች ብዙ ማዕድናት ቅልጥ አለት ሲቀዘቅዝ ይወለዳሉ። ቀስ ብሎ ከቀዘቀዘ ክሪስታሉ ይገዝፋል፤ በአንዴ ከበረደ አተሞቹ መደርደሪያ ጊዜ ያጡና ኦብሲዲያን የሚባል መስታወት ይሆናል። እሱ ማዕድን አይባልም። ሙቀትና ግፊት ደግሞ አንዱን ማዕድን ሳያቀልጡት ወደ ሌላ ይለውጡታል።

አለት አብዛኛውን ጊዜ የማዕድናት ስብስብ ነው። ግራናይት ውስጥ ኳርትዝ፣ ፌልድስፓርና ሚካ አሉ። «ድንጋይ» የሁላችንም ቃል ነው፣ ሳይንሱ ብዙ አይፈልገውም።

ቃል ፈላጊ፦ አረብኛው «መዕዲን»ም ማዕድኑንም መቆፈሪያ ቦታውንም ይላል፤ የኛው ዘመድ ነው። የድንጋይ ከሰልስ?

ጠጠር ለቃሚ፦ ከዕፅዋት ቅሪት የመጣ ነው፣ ቋሚ ቀመርም የለውም። በገበያ ማዕድን፣ በጂኦሎጂ አለት ብቻ። በረዶ ግን ማዕድን ነው! የፍሪጁ ሳይሆን የተራራው።

ምደባው በኬሚካላቸው ነው፦ ሲሊኬት (ሲሊከንና ኦክስጅን ያለበት)፣ ኦክሳይድ፣ ሰልፋይድ፣ ካርቦኔት እያለ ይሄዳል። እስካሁን ከ6,000 በላይ ማዕድናት ታውቀዋል። ከመሬት ቅርፊት ግን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ሲሊኬት ነው። ጨው ሃላይድ የሚባለው ወገን ውስጥ ነው፤ የማዕድን ስሙ ሃላይት።

ተረቱ ላይ አንድ የሚገርመኝ ነገር አለ። ሲልቫይት የሚባል ማዕድን አለ፣ ፖታሲየም ክሎራይድ ነው። መልኩ ቁርጥ ጨው፣ ስባሪውም ኩብ። እኛ ጂኦሎጂ የተማርን የምንለያቸው በምላስ ነው! ሃላይት ጨው ጨው ይላል፣ ሲልቫይት ይመራል። (ያገኛችሁትን ሁሉ አትላሱ ደግሞ፤ አርሴኒክ ያለበት አለ።)

ፊደል ወዳድ፦ ታዲያ ድንጋይ ነው ተብሎ የተወረወረው ሲልቫይት ነበራ!

ጠጠር ለቃሚ፦ ከሆነ የወረወረው ሰው ከስሯል። የፖታሽ ማዳበሪያ የሚሠራው ከሱ ነው።