የእህቴን ልጅ አየርላንዳዊ ወገን ከደሴ ሆኜ መፈለግ እችላለሁ?

የሰኞ ገበያ ልጅ (ደሴ)

ሰላም ናችሁ? ምክር ፈልጌ ነው። እህቴ የምትኖረው ቦስተን ነው። ባሏ አሜሪካዊ ቢሆንም ዘሩ ከአየርላንድ ነው። ልጃቸው ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ዘንድሮ ለክረምት እናቴ ጋ ይመጣል። እናቴ ካሁኑ ሰባት ቤት ልታስቆጥረው አሰፍስፋለች። እኔም ደስ ብሎኛል፤ ግን ልጁ የእናቱን ወገን ከነጎጡ እያወቀ የአባቱ ወገን አያቱ ላይ ሲቆምበት አንጀቴ አልቻለም።

የእህቴ ባል የሚያውቀው ትንሽ ነው። የአያቱ አያት መርፊ የሚባሉ ሰው ነበሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ አየርላንድ ውስጥ ድንቹ ተበላሽቶ ከመጣው ረሃብ በኋላ ኮርክ ከሚባለው ካውንቲ (እንደኛ አውራጃ ነው) ተነስተው ቦስተን ገቡ። በቃ፣ ከዚያ ወዲያ ወሬ የለም። እኔ ያሰብኩት ሁለቱንም ወገን በአንድ ደብተር ጽፌ ልሰጠውና ዘመድ ተጠርቶ ቡና ተፈልቶ ባለው ፊት እንድናነብለት ነው። ከደሴ ሆኜ በስልክ ዳታ ብቻ፣ ብዙ ሳላወጣ፣ የአየርላንድን መዝገብ ማየት ይቻላል? ከየት ልጀምር? የዲኤንኤ ምርመራስ ይጠቅማል?

ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)

አብሽሪ እህቴ፣ ይቻላል። ደብሊን ለትምህርት ቆይቼ ስለነበር ሰዎች ይህን ሲፈልጉ አይቻለሁ። ዋናው መዝገብ በነፃ ኢንተርኔት ላይ ተቀምጧል፤ የሚያስቸግረው የትኛው ሰው የአንቺ እንደሆነ መለየቱ ነው። መርፊ በአየርላንድ ከሁሉም የበዛ የቤተሰብ ስም ነው፣ ኮርክ ደግሞ በስፋት ትልቁ ካውንቲ ነው። «መርፊ ከኮርክ» ብለሽ ብትፈልጊ «መሐመድ ከወሎ» እንደማለት ነው።

ስለዚህ ወደ አየርላንድ አትቸኩይ። መጀመሪያ ቦስተን ላይ ቆፍሩ። ሰውየው የተጋቡበት የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን መዝገብ፣ የወላጅ ስም ያለበት የሞት ምስክር ወረቀት፣ የዜግነት ማመልከቻ፣ የመቃብራቸው ድንጋይ። ድንጋዩን አትናቁት፣ አንዳንዴ ካውንቲውንና ደብሩን ጭምር ቀርጸውበታል። ሌላም አለ። ቦስተን ውስጥ ፓይለት የሚባለው የካቶሊክ ጋዜጣ እ.ኤ.አ. ከ1831 እስከ 1921 «የጠፉ ወዳጆች» የሚል ዓምድ ነበረው። ወንድሙ የጠፋበት፣ ባሏ የራቃት ሁሉ እዚያ ያሳውቅ ነበር፤ ብዙዎቹም የተወለዱበትን ደብርና መንደር ያስጽፋሉ። አሁን ተሰብስቦ ኢንተርኔት ላይ ይገኛል። ጊዜ ወስደሽ እይው፣ አንዳንዱ ማስታወቂያ ያስለቅሳል።

የምትፈልጊው አንድ ነገር ነው፦ ደብሩ የት ነው? ከደብሩ በታች ደግሞ ታውንላንድ የሚሉት አለ፣ እንደኛ ጎጥ በይው፣ አገሩ ውስጥ ከ60 ሺህ በላይ ነው። ደብሩን ካወቅሽ የአየርላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የካቶሊክ የጥምቀትና የጋብቻ መዝገቦችን እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በነፃ ለቋቸዋል፣ አብዛኛው እስከ 1880 ገደማ ይደርሳል። ገጹ ፎቶ ስለሆነ ዳታ ይበላል፤ ዋይፋይ ካለበት አውርጂው።

ጥምቀቱን ስታገኚ የልጁን ስም ብቻ ገልብጠሽ አትለፊ። የእናትየው የአባቷ ቤት ስም ይጻፋል፣ በትዳር አይጠፋም። ከሥሩ የክርስትና አባትና እናት ይጻፋሉ፤ እነሱ ብዙ ጊዜ አክስት አጎት ናቸው። አንድ የክርስትና እናት ስንት ቅርንጫፍ ትከፍትልሻለች መሰለሽ! የስም አወጣጥ ልማድም አላቸው፦ የመጀመሪያው ወንድ ልጅ በአባቱ አባት፣ ሁለተኛው በእናቱ አባት፣ የመጀመሪያዋ ሴት በእናቷ እናት ስም። ሁሉም ቤት አልተከተለውም፣ ግን ወንድምና እህቶቹን በቅደም ተከተል ስትደረድሪያቸው የአያቶቹን ስም ይጠቁምሻል።

ዲኤንኤ ሩቅ ዘመድ ሊያገናኝ ይችላል። መንደር ግን አይነግርሽም። ስትቸገሪ የምትሄጂበት ይሁን፣ መነሻ አይሁን። የልጁን ምራቅ ለምርመራ ከመላካችሁ በፊት ደግሞ እናትና አባቱ ተነጋግረው ይወስኑ።

አንድ መምህር (ደሴ፣ ፒያሳ)

ቦርከና ማዶ ጥሩ ብሏል። እኔ ታሪክ አስተምራለሁ፤ አንቺም እግረ መንገድሽን እንድታውቂው የምፈልገው አለ፣ አለበለዚያ መሐል ላይ ተስፋ ትቆርጫለሽ። እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 1922፣ በእርስ በርስ ጦርነታቸው፣ ደብሊን ያለው የመንግሥት መዝገብ ቤት ተቃጠለ። ከ1821 እስከ 1851 የተደረጉት ቆጠራዎች አብዛኛው ያኔ ነው የጠፉት። ከዚያ በኋላ ያሉትንም አራት ቆጠራዎች ራሱ መንግሥት አስወግዷቸዋል። ሙሉ ሆኖ የተረፈው የ1901 እና የ1911 ቆጠራ ነው፤ ሁለቱም በነፃ ይታያል። በመቶኛ ዓመቱ፣ በ2022፣ የተቃጠለውን ከየአገሩ ከተገኘ ቅጂ እየለቀሙ በኢንተርኔት መልሶ የሚያቋቁም ሥራ ይፋ አድርገዋል። ደሴ ሙዚየም በጦርነቱ ምን እንደደረሰበት ለምናውቅ ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

«ሰውየው በረሃቡ ሰሞን ከሄዱ የ1901 ቆጠራ ምን ይሠራልኛል?» ትይ ይሆናል። እዚያው የቀሩት ወንድሞቻቸው፣ የወንድም ልጆቻቸው አሉበት። ፎርሙ ላይ ማን ማንበብና መጻፍ እንደሚችል፣ ማን የአይሪሽ ቋንቋ እንደሚናገር ሰፍሯል። የቤቱ ደግሞ ለብቻ ነው፦ ግድግዳው ድንጋይ ነው ወይስ ጭቃና እንጨት፣ ጣራው ሳር ነው ወይስ ሌላ፣ ስንት ክፍል፣ ፊት ለፊት ስንት መስኮት፣ ጋጥና የከብት ቤት አለው ወይ። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ ይህን አንብቢለት፣ የአባቱን ዘመዶች ቤት ቁጭ ብሎ ይስለዋል። በ1911ዱ ያገባች ሴት በትዳር ስንት ዓመት እንደቆየች፣ ስንት ልጅ እንደወለደችና ስንቱ በሕይወት እንዳለ ተጠይቃለች። ስምንት ወልዳ አምስት የቀራት እናት በቁጥር ብቻ ተጽፋ ስታገኚያት ቆም ብለሽ አስቢያት።

ዕድሜ ላይ ግን አትድረቂ። በ1901 ሃምሳ የተባለው ሰው በ1911 ስልሳ አምስት ሆኖ ይገኛል። ከ1909 ጀምሮ ሰባ ዓመት ለሞላው የጡረታ ገንዘብ ይሰጥ ስለነበር ዕድሜውን ከፍ የሚያደርግም ነበር፣ የሁሉም ሰው ልደት መመዝገብ የጀመረው ደግሞ በ1864 ነው፤ ስለዚህ ሽማግሌው ሁሉ ዕድሜውን በግምት ነበር የሚያውቀው።

ለረሃቡ ዘመን ደግሞ የግሪፊዝ የመሬትና የቤት ግምት አለ፣ ከ1847 እስከ 1864 የተሠራ። ለግብር ሲባል ማን የየትኛው መሬት ጭሰኛ እንደሆነ፣ ባለመሬቱ ማን እንደሆነ በየታውንላንዱ ጽፈውታል። ድሃ በራሱ እጅ አልጻፈም፤ ግብር የሚጥልበት ሰው ግን ጽፎታል፣ ዛሬ ልጆቹ የሚያገኙት በዚያ ነው።

የሰኞ ገበያ ልጅ (ደሴ)

እግዜር ይስጣችሁ! እህቴን ወዲያው ደወልኩላት። አማቷ ዘንድ የድሮ የጸሎት መጽሐፍ አለ አለችኝ፣ ሽፋኑ ውስጥ የልደትና የሞት ቀን ተጽፎበታል፤ ፎቶ አንስታ ትልክልኛለች። የቀረኝ የበዓሉ ነገር ነው። ልጁ የአባቱም ወገን እንደተከበረ እንዲሰማው ምን ላድርግ? አረንጓዴ ኮፍያ ማድረጉ ብቻ ባዶ መሰለኝ።

እትዬ ሐርቡ (ኮምቦልቻ)

ልጄ፣ ልክ ነሽ፣ ኮፍያውን ተይው። የቅዱስ ፓትሪክ በዓላቸው መጋቢት 8 ነው፣ እኛ ጋ ብዙ ጊዜ ሁዳዴ ላይ ይውላል፣ ልጁም የሚመጣው በክረምት ነው። እናንተ የራሳችሁን ቀን አድርጉ። ምግባቸው ከእኛ አይርቅም። ድንች ቀቅለሽ ፈጭተሽ፣ ጎመን በስሱ ቀርድደሽ፣ በወተትና በቅቤ ታዋህጂዋለሽ፤ ኮልካነን ይሉታል። የሶዳ ዳቦ የሚሉትም እርሾ የለውም፤ ዱቄት፣ ጨው፣ ቤኪንግ ሶዳና አሬራ ነው። አሬራ ደሴ አይጠፋም። ሊጡን ብዙ አታሽው፣ ይደርቃል፣ ከላይ በቢላ መስቀል አውጥተሽ ወደ ምድጃ።

እነሱም ትልቁ በዓላቸው ወደ መንደሩ መመለስ ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ እ.ኤ.አ. በ1963 ቅድመ አያቱ ከወጡበት ዌክስፎርድ ካውንቲ ሄዶ ከዘመዶቹ ጋር ሻይ ጠጥቷል። የእሱም ቅድመ አያት በረሃቡ ዘመን ቦስተን የገቡ ናቸው፤ ለልጁ ይህን ንገሪው፣ ደስ ይለዋል።

ሌላም ንገሪው። በዚያ ረሃብ ሚሊዮን ሰው አልቆ ሌላ ሚሊዮን ተሰዷል። እኛም 66ን አይተናል፣ 77ን አይተናል። ኮንሰርን የሚባለው የአየርላንድ ድርጅት ወደ ወሎ የመጣው በዚያው በመጀመሪያው ረሃብ ጊዜ ነው፤ በ77ም ለእርዳታው ዘፋኙን ሁሉ ያስተባበረው ቦብ ጌልዶፍ የአየርላንድ ሰው ነው። የአባቱ አገር ሰው የእናቱን አገር ሰው በችግሩ ቀን ደርሶለታል። ልጁ ይህን ከአያቱ አፍ ይስማ።

በእናቱ በኩል ያለውንም በቃል ብቻ አትተዪው። እናትሽን ስልክሽን ከፍተሽ ቅጃት፣ ሰባቱን ቤት ስትቆጥር፣ የሰለመውንም የተጠመቀውንም ሳትዘል። ሳጥን ውስጥ የአያትሽ የግብር ደረሰኝ ይኖራል፤ መምህሩ እንዳለው ነው፣ እሱም መዝገብ ነው።

ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)

እትዬ፣ እድሜ ይስጥልን። እህቴ፣ የጸሎት መጽሐፉ ፎቶ ሲደርስሽ ስማቸውን እዚህ ጻፊው፣ አብረን እናየዋለን፤ በሕይወት ያሉትን ሰዎች ስም ግን አታውጪው። የጥምቀት መዝገቡ ብዙ ቦታ በላቲን ነው፦ ጄምስ ያኮቡስ፣ ዊልያም ጉሊዬልሙስ፣ ጆን ዮአኔስ ሆኖ ይጻፋል። ጄምስ ብለሽ ብቻ ከፈለግሽ ዓይንሽ እያየው ታልፊዋለሽ።