መብራት ሲጠፋ ሲኤንሲው ዜሮውን ረሳ፣ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፦ ሰላም ጓዶች፣ በእንጨት ሲኤንሲ ራውተር (በኮምፒውተር የሚታዘዝ መቅረጫ ማሽን) በር እየቀረጽኩ መሃል ላይ መብራት ጠፋ፣ ሲመጣ የቆመበትን ቦታ ዜሮ (መነሻ ነጥብ) ነው ይለኛል። ጣውላው ዋንዛ ነው መጣል አልፈልግም፣ ከየት ልቀጥል?

መልስ፦ ወንድሜ ጣውላውን ከማሰሪያው እንዳትፈታው! ስቴፐር ሞተር (በትንንሽ እርምጃ የሚዞረው ሞተር) ቦታውን የሚያውቀው በእርምጃ ቆጠራ ስለሆነ መብራት ሲጠፋ ቆጠራውም ይጠፋል። ሆም አድርገው (ወደ ማሽኑ መነሻ ጥግ መልሰው)፣ ሊሚት ስዊቹን (መንገዱ ጫፍ ላይ ያለውን ማብሪያ) ሲነካ የማሽኑ ዜሮ ይመለሳል፣ ጂ54 ላይ (የስራው ዜሮ የሚመዘገብበት ኮድ) የያዝከው ሚሞሪ ውስጥ ካለ እሱም ይመጣል።

ጠያቂ፦ ሊሚት ስዊች የለውም እኮ

መልስ፦ እሺ መጀመሪያ ዜሮ ያረክበትን የጣውላውን ጥግ በቢቱ (በመቁረጫው) ጫፍ ፈልገህ ኤክስና ዋይን (የግራ ቀኝና የፊት ኋላውን) እዛው ዜሮ አድርግ፣ ለዜድ (ለከፍታው) ከቢቱ ስር ወረቀት አስገብተህ እያንቀሳቀስክ ቀስ ብለህ አውርደው ወረቀቱ ያዝ ሲያረግ አቁምና ዜድን ዜሮ አድርግ።

ሌላ መልስ፦ ከመሃል ስታስነሳ ደግሞ ከፕሮግራሙ ጥቂት መስመር ወደኋላ ተመለስ፣ ዜድን ከፍ አርገህ ኤም3 (የማስዞሪያ ትእዛዝ) ስጠው፣ ስፒንድሉ (ቢቱን የሚያዞረው ሞተር) ሳይዞር እንጨት ውስጥ ከገባ ቢቱ ይሰበራል!