«የተቀረጸ ጽሑፍ» የምንለው የትኛውን ነው?

በመቃብር ድንጋይ ላይ በቀለም ብቻ የተጻፈ ስም «የተቀረጸ ጽሑፍ» ሊባል ይችላል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልሴ አይባልም የሚል ነው። «ቀረጸ» ከግእዝ የወረስነው ግስ ሲሆን፣ የዋሸራም ሆነ የጎንጅ ቅኔ ቤት ግስ አውራጅ እንደሚያውቀው መነሻው በስለት ቆርጦ ወይም ፈልፍሎ ማንሣት ነው፤ «ቅርጽ»ን ለመልክና ለአቋም ያዋልነው ከተነሣው ይልቅ የቀረውን እያየን ስለ ሄድን ይመስለኛል።

የብራና ሥራ ልዩነቱን ጥሩ አድርጎ ያሳያል። ጸሓፊው የመቃ ብዕሩን ጫፍ በካራ ሲያሾል ቀረጸው ይባላል፤ ተማሪም እርሳሱን የሚያሾልበትን «መቅረጫ» የሚለው ከዚሁ ነው። ያው ጸሓፊ ብራናውን በወስፌ ሲያሰምር ግን፣ መስመሩ በአንዱ ገጽ ሰርጎ በሌላው በኩል አበጥ ብሎ እስኪታይ ድረስ ቢጫነውም፣ ከቆዳው ላይ የተነሣ ነገር ስለሌለ ሥራው ማስመር እንጂ መቅረጽ አይባልም።

ንጉሥ ኢዛና በ4ኛው መቶ ዘመን በአክሱም በግእዝና በግሪክኛ ያስጻፈው ድንጋይ ያለ ጥርጥር የተቀረጸ ጽሑፍ ነው። እዚሁ ጎጃም፣ እቴጌ እሌኒ በመሠረቱት በመርጡለ ማርያም ፍርስራሽ ላይ የሚታየው የድንጋይ ጌጥ ደግሞ ቅርጽ ነው፤ ጽሑፍ ግን አይደለም። ስለዚህ ሁለቱ ቃላት ተጣምረው ካልመጡ ሐሳቡ አይሞላም።

በወንጌል የምናገኘው «ቀራጭ» የዚሁ ግስ ዘመድ መሆኑን የሚጠራጠር ካለ፣ ጾም «ጦም»፣ ጸጉርም «ጠጉር» እንደሚባል ያስታውስ፤ ቀራጺው ከድንጋዩ፣ ቀራጩ ከነጋዴው ይቆርጣል። «ማኅተም»ም ከሥራው ጋር የቅርብ ዝምድና አለው፤ ኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 28 የእስራኤልን ልጆች ስም በሁለት ድንጋዮች ላይ እንደ ማኅተም ቅርጽ እንዲቀረጽ ያዛልና።

ድምፅ «መቅረጽ» መባሉ ያላግባብ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን አልስማማም፤ በሸክላ ዘመን መርፌው በእርግጥ ቦይ እየቆረጠ ድምፁን ያስቀር ነበር። አጻጻፉን በተመለከተ፣ በጋዜጣ «ቅርፅ» ተብሎ ቢለመድም፣ ግእዙ «ቀረጸ» ስለሆነ በጸሎቱ «ጸ» መጻፉ ይሻላል።