ለለምጽ የባኩቺ ዘይት የሞከራችሁ አላችሁ?

ጠያቂ (ዱባይ)፦ ሰላም ናችሁ? ጣቶቼና ከንፈሬ ዳር ለምጽ ከወጣብኝ ቆይቷል። ሐኪም ያዘዘልኝ የታክሮሊመስ ቅባት አዘገመብኝ። አብራኝ የምትሠራ ሕንዳዊት የኬረላ ልጅ አዩርቬዳ የሚባለውን የአገሯን ባህላዊ መድኃኒት ሞክሪ አለችኝ። ባኩቺ ከሚባል ተክል ፍሬ የሚወጣ ዘይት ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መቀመጥ ነው። የሚዋጥ ዱቄትም አለው፤ ምን እንደሆነ አልተጻፈበትም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ (ፋርማሲስት)፦ እህቴ፣ ባኩቺ ቀላል ነገር አይደለም። ፍሬው ውስጥ ሶራሌን አለ፤ ቆዳ ፀሐይ እንዳይችል ያደርጋል። ሆስፒታልም ፑቫ በሚባለው የጨረር ሕክምና ሶራሌን ይሰጣል፣ ግን መድኃኒቱም ጨረሩም ተለክቶ ነው። ጠርሙስሽ ውስጥ ስንት እንዳለ በምን ታውቂያለሽ? ያውም በዱባይ ፀሐይ! የፊት ክሬም ላይ የሚጻፈው ባኩቺዮል ሌላ ነው፣ እንዳያምታታሽ።

መልስ (አዲስ አበባ)፦ ታናሽ እህቴ ባንጋሎር ስትማር ተቀብታው ነበር። ቁርጭምጭሚቷ መጀመሪያ ቀላ፣ በማግስቱ ውሃ ቋጠረ። ሲድን ዙሪያው ያለው ጤነኛ ቆዳ ጠቆረና ነጩ ይበልጥ ጎልቶ ወጣ። ለምጽ ያለበት ሰው ሲቃጠል ወይም ሲቆስል እዚያው ላይ አዲስ ነጭ ሊወጣበት ይችላል። እባክሽ ከንፈርሽን አትንኪው።

መልስ (ነርስ፣ ዋሽንግተን)፦ እኔን ያስፈራኝ ዱቄቱ ነው። በ2004 እዚህ አሜሪካ በታተመ ጥናት፣ ቦስተን አካባቢ ከተገዙ 70 የሚዋጡ የአዩርቬዳ ምርቶች 14ቱ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ ተገኝቶባቸዋል። አንዳንዱ ሆን ተብሎ የሚጨመር ነው፤ ራሳ ሻስትራ የሚባለው የአዩርቬዳ ዘርፍ ማዕድን ይቀምማል። ባኩቺ ውጠው ጉበታቸው የተጎዳም አሉ። ነፍሰ ጡር ከሆንሽማ ጭራሽ አይሆንም።

መልስ (የቆዳ ሐኪም)፦ ቅባቱ አልሠራም ብለሽ አትጣይው። ቀለም የሚመለሰው በአብዛኛው ከፀጉር ሥር ነው፤ ነጩ መሐል ትንንሽ ቡናማ ነጥቦች ሆኖ ይጀምራል። ጣት ጫፍና ከንፈር ፀጉር ስለሌላቸው ከሁሉም ይዘገያሉ፤ ፊት ቶሎ ይመለሳል። ናሮውባንድ ዩቪቢ የሚባለውን ጨረር ጠይቂ፣ ከቅባቱ ጋር አብሮ ይታዘዛል። የታይሮይድ ምርመራም አድርጊ፣ ከለምጽ ጋር ብዙ ጊዜ ይያያዛል። የአዩርቬዳ ሐኪም ማየት ከፈለግሽም ፈቃድ ያለውን እዪ፣ የምትወስጂውንም ለቆዳ ሐኪምሽ አትደብቂ።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ዱቄቱን አልነካውም። ጨረሩ ስንት ጊዜ ይፈጃል?

መልስ (የቆዳ ሐኪም)፦ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ነው። ይሠራል አይሠራም ለማለት ቢያንስ ስድስት ወር ስጪው። በየወሩ በአንድ ዓይነት ብርሃን ፎቶ አንሺ፣ ለውጡ በዓይን ቶሎ አይታይም።