ከአልጋችን ጎን የሚያያዝ የጨቅላ አልጋ፦ ክፍተቱን እንዴት ላስወግደው?

በቀዶ ሕክምና ስለወለድኩ፣ ሌሊት ከአልጋ ሳልወርድ ልጄን ማጥባት እንድችል ከአልጋችን ጎን ተያይዞ የሚቆም፣ በእኔ በኩል ያለው ግድግዳ ወደ ታች የሚወርድ የሕፃን አልጋ ገዝተናል። የተቸገርኩት በአገጣጠሙ ነው። የእኛ ፍራሽ ወፍራም በመሆኑ የእርሷ ዝቅ ብሎ ይቀራል፤ ማሰሪያ ቀበቶውንም አጥብቀን ብናስረው፣ እኛ ስንገላበጥ አልጋው ሸሸት ይልና በሁለቱ ፍራሾች መካከል ክፍተት ይፈጠራል። በፎጣ ወይም በትራስ እንድሞላው የመከሩኝ አሉ፤ ነገር ግን ለስላሳ ነገር የሕፃን አፍና አፍንጫ ላይ ቢያርፍ ሊያፍናት ስለሚችል፣ በክፍተቱም ውስጥ ፊቷ ሊቀረቀር ስለሚችል ልቤ ፈጽሞ አልፈቀደም።

ሁልጊዜ በጀርባዋ ነው የማስተኛት። ፍራሿ ጠንካራና ዝርግ ነው፤ ከተወጠረ አንሶላ በቀር ብርድ ልብስም ሆነ መጫወቻ የለበትም። ሐኪሞች ሕፃን ቢያንስ እስከ 6 ወር በወላጆቹ ክፍል፣ ሆኖም በራሱ መኝታ እንዲተኛ ስለሚመክሩ ወደ ሌላ ክፍል ልወስዳት አልፈልግም።

እባካችሁ ልምዱ ያላችሁ ወላጆችና የሕፃናት ጤና ባለሙያዎች፣ ክፍተቱ እስኪስተካከል ድረስ ግድግዳውን ከፍ አድርጎ መቆለፍና ለብቻው እንዲቆም ማድረግ ይበቃል? በሌላ ልቀይረው ብል፣ የእግሮቹ ከፍታ ከፍራሻችን ጋር እኩል መሆኑንና ማሰሪያው ከአልጋችን ዓይነት ጋር መስማማቱን ከመግዛቴ በፊት እንዴት ላረጋግጥ? መገልበጥ ስትጀምር፣ በእጇና በጉልበቷ እስክትነሣ ሳልጠብቅ አልጋውን መጠቀም ላቁም?